ከጀርሙ በኋላ የሚቀር ሕመም

በጅቡቲ መሐል ከተማ የሚገኘው ሜኔሊክ አደባባይ ይፋ ስሙ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ከሆነ ቆይቷል፤ የቀድሞው ስም ግን ወደቡ ከኢትዮጵያ ጋር ያለውን ትስስር ዛሬም ያስታውሳል። ከዚህች ከተማ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ፈረንሳውያን ካቶሊክ ሚስዮናውያን ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ካቋቋሙ ገና አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 ነው። መድኃኒት ግን አልነበረም፤ ሰዉም ደዌው ሥጋን ይበላል ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው። ባክቴሪያው እጅግ ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በነርቭ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት ሊቆይም ይችላል። ነርቩን በድንገት የሚያሳብጠውና የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ የሰውነት የገዛ ራሱ መከላከያ ነው፤ ሌባውን አስወጣለሁ ብሎ ጎጆውን እንደሚያቃጥል ባለቤት።

ይህንን ለመረዳት አዲስ አበባ ያበረከተችው ቀላል አይደለም። በዘነበወርቅ ሆስፒታል ስፍራ አለርት በ1965፣ አጠገቡም የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ተመሠረቱ። በዚያ አሥርት ዓመት የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞች «ሪአክሽን» የሚሉት ችግር ከደረሰባቸው ሕሙማን ደም ወስደው፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ለባክቴሪያው ክፍልፋዮች የሚሰጡትን ምላሽ ለክተዋል። ሪአክሽን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ነጠብጣቡ ይቀላል፣ ነርቭ ያብጣል፣ እጅ ይዝላል። ሕመምተኛው «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብሎ ቢያቋርጥ ማን ይፈርድበታል? መፍትሔው ግን ክኒኑን ሳያቋርጡ፣ የተቆጣውን መከላከያ የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን በጊዜ መጨመር ነው።

ይህ ሙሉ በሙሉ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው ማለት ግን አይደለም። በአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ የነርቭን ክፍሎች የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ቢገኙም፣ ለጉዳቱ ያላቸው ድርሻ እስካሁን አከራካሪ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ጥምር መድኃኒት ካጸደቀ በኋላ፣ ታክሞ የጨረሰ ሰው ከሕሙማን መዝገብ ይሰረዛል። በ2012 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ሕክምና ያገኙ 80 ሰዎችን መርምሮ፣ ከመቶ 60ዎቹ ሕመም እንደሚሰማቸው አረጋግጧል። የሚበዙት ሕመማቸው ከነርቭ ጉዳት ያልመነጨ ሲሆን፣ የጥቂቶቹ ግን ከራሱ ከተጎዳው ነርቭ የሚነሣ ነበር፤ ባክቴሪያው የለም፣ ንክኪ የማይሰማው እግር ግን ሌሊቱን ይለበልባል።