ቀይ አፈርና ባዶ እግር፦ የአንድ በሽታ ምርመራ ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ገረሴ የሚያቀናው መንገድ የሐይቆቹን ቆላ ትቶ የጋሞን ደጋ ሲይዝ፣ የአፈሩ ጉዳይ መሐንዲሱን ማሳሰብ ይጀምራል። ዝናብ ሲያገኘው የሚያሟልጭ፣ ሲደርቅ የሚቦን ሸክላማ አፈር ለመንገድ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለሙያው ባልደረቦች መንገር አያስፈልግም። ያው አፈር በባዶ እግሩ በሚሄድበት ገበሬ አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በእኛ ሙያ ዘንድ እምብዛም አይነሣም።

ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ለብዙ ዘመን ትንኝ የምታስተላልፈው የክር ትል ውጤት ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ይሁን እንጂ ትንኟ በማትበዛበት ደጋ በሽታው በዝቶ ይታይ ነበር፤ በሕሙማኑም ደም ውስጥ ትሉ ሊገኝ አልቻለም። ኦመን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ከ50 በላይ በሆኑ የኢትዮጵያ ገበያዎች ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች አስቆጥሮ፣ ከገበያተኛው ከመቶ 2.7 ያህሉ ሕሙማን መሆናቸውንና በሽታው ቀይ አፈር ካለበት አገር ጋር እንደሚሄድ አመለከተ። በገበያ ቀን ቆሞ መቁጠር ቀላል ቢመስልም፣ ሕሙማን በኀፍረት ከቤት በሚቀሩበት አገር እውነተኛው ቁጥር ከዚያ እንደሚበልጥ መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የመጣው እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ሲሠራ በሽታውን እሳተ ገሞራ ከወለደው አፈር ጋር አያያዘው። ከብሽሽት ዕጢዎች በተወሰደ ናሙናም የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኝ ተገኘ። በኋላም በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ በግሪክኛ እግርንና አቧራን ያጣምራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ብናኙ በጤነኛውም ሰው ዕጢ መገኘቱ ነው። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአፈሩ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የዚህ እንቆቅልሽ መፍቻ ከሌላ አቅጣጫ ሲዘጋጅ ቆይቷል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 «አለርጂ» የሚለውን ቃል ሲያወጣ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ባለቤቱን ሊጎዳ እንደሚችል ማስረዳቱ ነበር። ጌልና ኩምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ጉዳት በአራት ከፈሉት። ሦስቱ በፀረ አካላት አማካይነት የሚደርሱ ሲሆኑ፣ አራተኛው ቲ-ሕዋሳት የሚመሩት ዘገምተኛ ቁጣ ነው። ለመሐንዲስ የሚቀርበው ምሳሌ የቤሪሊየም ብረት ብናኝ ነው። በብናኙ ውስጥ ከሠሩት ብዙዎቹ ጤነኞች ሆነው ሲኖሩ፣ የጥቂቶቹ ሳንባ ግን በዚሁ አራተኛ ዓይነት ቁጣ ይጠባሰሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚህ የሚያጋልጥ የዘር ምልክት ታውቋል።

በእግርም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። በተሰነጠቀ ተረከዝ የገባውን ብናኝ ጠራጊ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊያሟሙት ግን አይችሉም። ፋይፍና ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት ሲሊካ ወደ ጥንቸል የሊምፍ ቧንቧ ሲጨመር ግድግዳው ጠባሳ እያበጀ እንደሚጠብ አሳይተዋል። ቱቦውን የሚደፍነው እንግዲህ ደለሉ ራሱ አይደለም፤ ደለሉን ለመከላከል የሚወፍረው የቱቦው ግድግዳ ነው። መውጫ ያጣ ፈሳሽም እግሩን ያሳብጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የወጣ ጥናት የሕሙማን ወንድሞችና እኅቶች ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው እንደሚጋለጡ ገለጠ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ልዩነቱን ባዕድ ነገርን ለቲ-ሕዋሳት በሚያሳዩት የኤች ኤል ኤ ዘረ መሎች አጠገብ አገኙት። በሽታው በቲ-ሕዋሳት የሚመራ ቁጣ ሳይሆን አይቀርም የሚለው አሳብ ከዚህ ተነሣ።

ግኝቱ ግን በጥንቃቄ መነገር አለበት። «ዘራቸው ነው» እየተባለ የሕሙማን ልጆች ጋብቻ ሲከለከሉ በኖሩበት አገር፣ ግማሹ እውነት ብቻ ቢወራ የቆየውን ሐሜት በሳይንስ ማኅተም ማጽደቅ ይሆናል። የተጋለጠ ዘር ያለው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ አይታመምም፤ ያለ አፈሩ ዘሩ ብቻውን ምንም አያደርግም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን እ.ኤ.አ. በ2011 ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መዘገበው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አገር አቀፍ ካርታ ለበሽታው የተመቸ ብሎ የለየው ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያለውን ምድር ነው፤ የጋሞ ደጋ ሰፊ ክፍልም በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል። በካርታው መሠረት ለበሽታው በተጋለጠ ምድር የሚኖረው ሕዝብ ወደ 35 ሚሊዮን ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከምሥራቅ ጎጃም የወጣ ጥናት ደግሞ የሕክምናውን ውጤት በቁጥር አስቀመጠ። ሕክምና ሳይጀምሩ በቆዩት ሕሙማን ዘንድ ትኩሳትና ሕመም ያለው ግርሻ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ እግራቸውን በሚንከባከቡት ዘንድ ወደ 19.4 ወርዷል። እንክብካቤውም በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። ከእነዚህ መካከል በየቀኑ የሚያስፈልገው ውኃ፣ በብዙ ደጋማ መንደሮች እስከ ዛሬ በሴቶች ጀርባ ከምንጭ ዳገት ይወጣል።