የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ

የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አገዛዝ የነበረበት የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢትዮጵያ ምድር ላይ በኪራይ ይዞት የነበረ ቦታ ነው። መነሻው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር የተዋዋሉት የወሰን ውል ነው። አራተኛው አንቀጽ ኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር ያልረዘመ መሬት ለንግድ ፈቀደ። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ከለከለ፤ ኪራዩም ሱዳን በጥምሩ አገዛዝ ሥር እስካለች ብቻ እንዲጸና ወሰነ። ጣቢያው የተተከለው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያቆየው የእንግሊዝ ክንድ ነው የሚለው አስተያየት አያስኬድም። የካርቱም መርከብ ይደርስ የነበረው ባሮ በክረምት ሲሞላ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል የጣቢያው ሹም ለወራት ከአለቆቹ ተቆርጦ ይቆይ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከደጋው ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎና በሸክም ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ የደጋ ነጋዴ የቆላውን ንዳድ እየፈራ ጭነቱን አራግፎ፣ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ለመመለስ ይቸኩል ነበር። የጎሬ ገዥ ኬላውን ቢዘጋ ጣቢያው ባዶ መጋዘን ነበር። አልዘጋውም፤ ቀረጡ ይገባው ነበርና። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢደርስም ለምዕራቡ ቡና ባሮ ይቀርብ ነበር።

ሆንግ ኮንግም በዚሁ ስሌት ነው የኖረችው። እንግሊዝ አብዛኛውን መሬቷን እ.ኤ.አ. በ1898 ለ99 ዓመት ተከራየች፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ኮሚኒስቶች ቻይናን ሲይዙ ሠራዊታቸው ድንበሩ ላይ ቆመ። ቤጂንግ በቅኝ ግዛቲቱ በኩል የውጭ ምንዛሪ ታገኝ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ሳይቀር ከቻይና ይመጣ ነበር። ምኒልክ ኮሚኒስት አልነበሩም ቢባል እውነት ነው፤ ግን የቻይናን መሪ ማኦን ያቆመው ርዕዮተ ዓለሙ ሳይሆን ጥቅሙ ከሆነ ልዩነቱ ክርክሩን አያፈርሰውም። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ የጣቢያው ሹም የአካባቢውን ሕዝቦች፣ የአኙዋክንና የኑዌርን፣ የጠመንጃ ንግድ ይከታተል ስለነበር የፖለቲካው ክልከላ በወረቀት ብቻ ቀርቷል። ይሁን እንጂ መከታተል መግዛት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1912 አኙዋክን ለመቅጣት የዘመተው የሱዳን ጦር ብዙ ሰው አጥቶ ተመልሷል።

ከጋምቤላ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ አካባቢ ሲኬድ ታሪኩ ከወንዙ ይርቃል፤ ከቡናው ግን አይርቅም። እንግሊዞች ማጂ ላይ ቆንስላ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በእነሱ እጅ ወጥቶ ታንጋኒካ ደረሰ፣ ከዚያም ኮስታ ሪካና ፓናማ። ለዚህ ቀረጥ የከፈለ የለም፤ በእኔ ግምት በጋምቤላ ካለፈው ጭነት ሁሉ ይልቅ ውዱ ይኸው እፍኝ ዘር ነው።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ቅድመ ሁኔታ አበቃ፤ ጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ያኔ የምዕራቡ ቡና በጅማ በኩል በመኪና ይጫን ስለነበር ርክክቡ ያለ ግርግር አለፈ።