ባህልን ያገናዘበ የሒሳብ ትምህርት

ባህልን ያገናዘበ የሒሳብ ትምህርት ተማሪው ከቤቱና ከአካባቢው ይዞት የሚመጣውን የቁጥር፣ የልኬትና የጨዋታ ዕውቀት ለማስተማሪያ የሚጠቀም የአስተማሪነት ስልት ነው። ከአካቶ ትምህርት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ኢትኖማቴማቲክስ የተባለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ብራዚላዊው የሒሳብ ሊቅ ኡቢራታን ዳምብሮዝዮ ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. በአዴሌድ፣ አውስትራሊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ትምህርት ጉባኤ ላይ አቅርቦታል።

በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን «ክፍልፋይ» ሲል የኖረውን በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ይማራል። ብዙዎች ሒሳብ ከበዳቸው የሚባለው ቋንቋው ሲከብዳቸው ነው።

የሰዓት ስሌት

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ላደገ ልጅ ከሰዓት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቲኬት ላይ 14፡30 የተጻፈው በረራ በቤት ቋንቋ ከቀኑ 8፡30 ነው፤ 6 መቀነስ ይበቃል። ማክሰኞ 02፡00 የሚለው ግን ያስቸግራል። ከ2 ላይ 6 ሲቀነስ -4 ይመጣል፤ 12 ሲደመርበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ቀኑም ያሳስታል፦ በቲኬቱ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን፣ ቤተሰብ ያንኑ ሰዓት «ለማክሰኞ አጥቢያ» ይለዋል። ይህን ያላስተዋለ መንገደኛ በረራው ካመለጠው ከአንድ ቀን በኋላ ሊደርስ ይችላል። ተማሪው ሳያውቀው የሠራው የቀሪ ስሌትን ነው።

ባሕረ ሐሳብ

በባሕረ ሐሳብ የ2017 ዓ.ም.ን ለማግኘት 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፣ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 1 አበቅቴ ይባላል። 11 በ19 ሲባዛ 209፣ በተመሳሳይ መንገድ ቀሪው 29 መጥቅዕ ነው። ድምራቸው 30 የሆነበትን ምክንያት ተማሪዎች ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ (11 እና 19 ሲደመሩ ስንት ናቸው?)። ስሌቱ የቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ብቻውን ከቀረበ ሌሎችን ያገልላል፤ የ29 እና የ30 ቀን ወራት ያሉት የሂጅራ አቆጣጠር አብሮ ቢነሳ ይመረጣል።

ገበጣ

ገበጣ መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ያለማምዳል። ጉድጓዱም ጠጠሩም በእጅ ስለሚዳሰስ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ሊጫወተው ይችላል፤ ሰሌዳ ላይ የሚሳል ግራፍ ይህን አይፈቅድለትም።