በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ለሥራ ያበቃው ድርጅት

“ብላይንድ ቬተራንስ ዩኬ” የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ የብሪታኒያ የቀድሞ ወታደሮችን የሚደግፍ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት በለንደን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው “ሴንት ደንስታንስ” በሚል መጠሪያ ነበር። መሥራቹ ሰር አርተር ፒርሰን “ዴይሊ ኤክስፕረስ” የተሰኘውን ጋዜጣ የመሠረቱ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በግላኮማ ሕመም ዓይናቸውን አጥተው ነበር።

በዘመኑ ዓይኑን ያጣ ወታደር ቀሪ ሕይወቱን በሰው እጅ ተጦሮ እንደሚኖር ይታሰብ ነበር። ፒርሰን ግን ጉዳተኛው ከሐዘኔታ ይልቅ ሙያ እንደሚያስፈልገው ያምኑ ነበር። አዲስ ለሚመጣ ወታደር በጣት ተዳስሶ የሚነበብ ሰዓት ይሰጡት ነበር። ሰዓቱን ሌላ ሰው ሳይጠይቁ ማወቅ በራስ የመቆም የመጀመሪያው እርምጃ ነበርና።

ሠልጣኞች ከብሬይል ንባብና ከታይፕ ጽሕፈት ጋር የጫማ ጥገና፣ የቅርጫት ሥራ፣ የአናጢነት፣ የማሳጅና የስልክ ኦፕሬተርነት ሙያዎችን ይማሩ ነበር። ወደ ገጠር መመለስ ለሚሹት ደግሞ የዶሮ እርባታ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ድጋፉ በሥልጠናው አያበቃም፤ ሙያተኞቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላም ጥሬ ዕቃ በማቅረብና ምርታቸውን በመሸጥ ያግዛቸው ነበር።

ውጤቱ በአመራሩም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦር ግንባር ዓይኑን ያጣው ወጣት መኮንን ኢያን ፍሬዘር በ1921 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1924 ደግሞ ለፓርላማ ተመረጠ። በእርሱ የአመራር ዘመን፣ በ1935፣ ድርጅቱ ከብሪታኒያ የዓይነ ስውራን ተቋም ጋር በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍትን ለአንባቢዎች አበርክቷል።

ድርጅቱ የአሁኑን ስያሜ የያዘው በ2012 ነው።