የጠራ ውኃ ሁሉ ጤነኛ ነውን? የፎር ማይል ረን ጅረት ምዘና

በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው የክሪስታል ሲቲ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጠራ ውኃ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.አ.አ.) በሰፈሩ ቀድሞ የተሠራው የመኖሪያ ሕንፃ በመግቢያ አዳራሹ ከተሰቀለው የክሪስታል መብራት የተነሣ ክሪስታል ሃውስ ተባለ፤ ስሙም ለሰፈሩ ተረፈ። ይሁንና ከሰፈሩ በስተደቡብ ወራጅ ውኃ አለ። ፎር ማይል ረን የተባለው ጅረት በታችኛው ክፍሉ አርሊንግተን ካውንቲን ከአሌክሳንድሪያ ከተማ እየለየ ይወርድና ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ፖቶማክን ይቀላቀላል። ስሙ አራት ማይል ይበል እንጂ ርዝመቱ ከዘጠኝ ማይል፣ ማለትም ከ14 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዙሪያው ከሚኖሩት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

ዝናብ ካልጣለ ቀናት ባለፉበት ወቅት የጅረቱ ውኃ እስከ ወለሉ ጠጠር ድረስ ይታያል። ልጁን ይዞ በዳርቻው ለሚንሸራሸር ወላጅ ይህ በቂ ማስረጃ ሊመስል ይችላል፤ ዓይን ግን በዚህ ጉዳይ ታማኝ ዳኛ አይደለም። በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው አይታይም፤ ባክቴሪያም አይታይም።

የጅረትን ጤንነት ለመመዘን አንዱ መንገድ የውኃውን ሙቀት፣ የአሲድነት መጠን፣ በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅንና የመሳሰሉትን መለካት ነው። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም የሚናገረው ናሙናው ስለተቀዳበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሌሊት የፈሰሰ ብክለት እስኪነጋ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በጅረቱ ወለል፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት በዓይን የሚታዩ አከርካሪ አልባ እንስሳት ግን ሸሽተው አያመልጡም። ብዙዎቹ ወራትን፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ በውኃው ውስጥ ስለሚያሳልፉ የደረሰው ሁሉ በእነርሱ ላይ ይደርሳል።

በቨርጂኒያ ይህን ምዘና ከባለሙያዎች በተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች ያካሂዱታል። ሥራው አይዛክ ዎልተን ሊግ የተባለው የጥበቃ ማኅበር በ1969 በጀመረው «ጅረቶቻችንን እናድን» በተሰኘ መርሐ ግብር ሥር የዳበረ ነው። ውኃው በድንጋይ ላይ ኩልል እያለ በሚፈስበት ስፍራ አንዱ ሰው መረብ ይዘረጋል፤ ሌላው ከመረቡ በላይ በኩል ድንጋዮቹን እያሻሸ ወለሉን በእግሩ ይቆሰቁሳል። ወደ መረቡ የገቡት እንስሳት ቢያንስ 200 እስኪሞሉ ይለቀማሉ፤ በየወገናቸው ተለይተው ከተቆጠሩ በኋላ ወደ ውኃው ይመለሳሉ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ማን ስንት እጅ ያህል ተገኘ በሚለው ላይ ነው። ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይና አብዛኞቹ የካዲስፍላይ ዓይነቶች በእጭነታቸው ወራት ብክለትንና የኦክስጅን እጥረትን አይችሉም፤ መብዛታቸው መልካም ዜና ነው። በተቃራኒው በሳንባ የሚተነፍሱ ቀንድ አውጣዎች አየሩን ከላይ ስለሚወስዱ ኦክስጅን ባነሰው ውኃም ይኖራሉ። ትልና አልቅት በብዛት ሲገኙም ምልክቱ አያምርም። ከካዲስፍላይ ወገን መረብ ዘርግተው በውኃ የሚመጣ ምግብ የሚያጠምዱት ለብቻቸው ይቆጠራሉ፤ ከልክ በላይ መብዛታቸው ጅረቱ የበሰበሰ ነገር እንደበዛበት ይጠቁማል። ስድስት መለኪያዎች እያንዳንዳቸው እስከ ሁለት ነጥብ ይሰጣቸዋል። ከ12ቱ ነጥብ 9 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ጅረት ተቀባይነት ያለው ሲባል፣ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘው ይወድቃል። 8 ያገኘው ፍርዱ በይደር ይቆያል።

ይህ ሚዛን ለቨርጂኒያ የተሠራ ስለሆነ እንዳለ ተወስዶ ሌላ አገር ላይ አይሠራም። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የስቶንፍላይ ዝርያዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ከእንጦጦ የሚወርድ ንጹሕ ምንጭ እንኳ በቨርጂኒያው ሚዛን ያለ ጥፋቱ ነጥብ ሊጎድልበት ይችላል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች ለኢትዮጵያ ደጋማ ጅረቶችና ወንዞች ኢትባዮስ የተባለ የራሳቸው መመዘኛ አዘጋጅተው በ2015 አሳትመዋል።

ወደ ፎር ማይል ረን ስንመለስ፣ የመረቡ ዘዴ የሚሠራው ድንጋያማ በሆነው በላይኛው ክፍል ነው። ለክሪስታል ሲቲ በሚቀርበው በታችኛው ክፍል የፖቶማክ ማዕበል ከፍና ዝቅ እያለ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ከተደጋጋሚ ጎርፍ በኋላ በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጅረቱን የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አድርገውታል። ጎርፉን የሚያባብሰው አስፋልቱና ጣሪያው ነው። መሬት መምጠጥ የነበረበት ዝናብ በቱቦ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይወርድና ዳርቻውን እየሸረሸረ፣ እጮቹ የሚጠለሉበትን የጠጠር ክፍተት በደለል ይደፍናል። በክረምት ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይከተላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለረዥም ጊዜ በውኃ ሕይወት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ያስቀመጠው የክሎራይድ ወሰን በሊትር 230 ሚሊ ግራም ነው።

የነፍሳቱ ነጥብ የማይመልሰው ጥያቄም አለ፤ ልጁ ውኃው ውስጥ ቢገባስ? ለዚህ የሚለካው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ለዋናና ለመሰል ግንኙነት የሚመከረው አማካይ ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር 126 ሲሆን፣ ፎር ማይል ረን በባክቴሪያ ምክንያት ከተጎዱ ውኃዎች መዝገብ የገባ ጅረት ነው። ምንጩን ለመለየት በዘረመል የተደረገ ጥናት የውኃ ወፎችን፣ ሰዎችን፣ የቤት እንስሳትን፣ ራኩንና አጋዘንን አመላክቷል። ስለዚህ የውሻን እዳሪ ማንሣት የጽዳት ወግ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የታችኛው ዳርቻ በከፊል ዳግም በዕፅዋት ተሸፍኗል፤ ለዓይን ያምራል። ዕፅዋት የተተከለበትና ድንጋይ የተደረደረበት ጅረት ግን ነፍሳቱ እስኪመለሱለት ብዙ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። እንቁላል የሚጥሉት ክንፍ ያወጡ ነፍሳት ከሌላ ጤነኛ ጅረት በርረው መምጣት አለባቸው፤ በዚህ ሰፈር ደግሞ በመካከል ያለው አውራ ጎዳናና ሕንፃ ነው። ቆጣሪዎቹ በየወቅቱ ወደዚያው ስፍራ የሚመለሱትም ለዚህ ነው።