በጭስ ማውጫ ሥር የቆመ መስጂድ፦ የዲርቦርን «ሳውዝ ኤንድ» ሙስሊሞች ታሪክ



በቅርቡ በመግሪብና በዒሻ መካከል በምንቀመጥበት ደርስ ላይ አንድ ወጣት ጥያቄ አነሳልን። ሰፈራቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ፋብሪካ አለ። «ቤታችንን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ፋብሪካ ነው። እናቴ ደግሞ በጭሱ ሌሊቱን ስታስል ታድራለች። አቤት ብንል የወንድሜን እንጀራ የምንዘጋ ይመስለናል፤ ዝም ብንል እናታችንን በደልን። ምን ይሻለናል?» አለ።

እኛ ፈትዋ የምንሰጥ ሰዎች አይደለንምና ጥያቄውን ለኡስታዞቻችን አስተላለፍነው። ነገር ግን በዚሁ ጭንቀት ውስጥ መቶ ዓመት ገደማ የኖረ የሙስሊም ሰፈር ትዝ አለንና ታሪኩን ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስት ዶላር

ሰፈሩ የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት ጋር በተያያዘችው ዲርቦርን ከተማ ነው። ነዋሪው «ሳውዝ ኤንድ» ይለዋል፤ ደቡብ ጫፍ እንደማለት ነው።

በ1914 የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱ ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኛ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ይህ በዘመኑ ከተለመደው ደመወዝ እጥፍ ገደማ ነበር። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ተሰማ። ከሻም ምድር፣ በተለይም ከዛሬዋ ሊባኖስ መንደሮች፣ ቆይቶም ከየመንና ከፍልስጤም ሪዝቅ ፍለጋ የወጡ ሙስሊሞች ዲትሮይት አካባቢ መሰባሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የሰፈሩት የፎርድ ፋብሪካ በነበረባት ሃይላንድ ፓርክ ነው። በ1921 እዚያው መስጂድ ሠሩ። በአሜሪካ ምድር ለመስጂድነት ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ነበር። ያሳዝናል፣ ጀማዓው ገና አልጸናም ነበርና ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

በዚያው ዘመን ፎርድ በሩዥ ወንዝ ዳር እጅግ ግዙፍ ፋብሪካ እየገነባ ነበር። ሥራው በ1917 ተጀምሮ በ1928 ተጠናቀቀ። የብረት ማዕድን በመርከብ በአንድ በኩል ይገባል፤ ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና በሌላው በኩል ይወጣል። ብረት ማቅለጫው፣ የመስታወት ፋብሪካውና የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሥራው በደራበት ጊዜ ከ100,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። ሥራው ወደዚያ ሲዞር ሠራተኛውም ተከተለ። ሳውዝ ኤንድ የተሞላው እንዲህ ነው፤ በአንድ በኩል ፋብሪካው፣ በሌላው በኩል ሰፊ የመቃብር ቦታ፣ በመሐል ትንሽ ሰፈር። ጣሊያኖች፣ ሮማኒያውያንና ፖላንዳውያን ከዓረቦች ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ።

ምድር ቤት ውስጥ የተጀመረ ሶላት

የፋብሪካ እንጀራ የሚታመን እንጀራ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ሺዎች ተባረሩ። በመጋቢት 7 ቀን 1932 ሥራ አጦች ወደ ፋብሪካው በር ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊሶችና የፋብሪካው ጠባቂዎች ተኮሱባቸው። አራት ሰዎች በጥይት ሞቱ፤ አምስተኛውም በኋላ በቁስሉ ሞተ። በ1937 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች እዚያው በር አጠገብ ባለው መሸጋገሪያ ድልድይ ላይ ተደበደቡ። ፎርድ ከማኅበሩ ጋር ውል የፈረመው በ1941 ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በሳውዝ ኤንድ ደጃፍ ነው።

ሱብሐነላህ! በዚያ የችግር ዘመን ነው እንግዲህ የሰፈሩ ሙስሊሞች በዲክስ ጎዳና ላይ መስጂድ መሥራት የጀመሩት። በ1938 ምድር ቤቱ ደረሰ፤ አቅማቸው እስከዚያ ብቻ ስለነበር እዚያው ምድር ቤት ውስጥ መስገድ ጀመሩ። ሕንፃው የተጠናቀቀው በ1952 ነው። ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ፣ ልብሱ ጥላሸት የጠጣ ሠራተኛ ታጥቦ ሶፍ ውስጥ የሚገባበት መስጂድ ነበር። የሃይላንድ ፓርኩ ተዘግቶ ይህኛው የጸናው ለምን ይሆን? እንደሚመስለን አንዱ ምክንያት ሰዎቹ ለደመወዝ የመጡ እንግዶች መሆናቸው ቀርቶ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ የሰፈር ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ሰፈሩን ከካርታ ለማጥፋት

ትልቁ ፈተና ግን ከፋብሪካው ሳይሆን ከከተማው አስተዳደር መጣ። ከ1942 እስከ 1978 ዲርቦርንን ያስተዳደረው ከንቲባ ኦርቪል ሃባርድ ጥቁሮች ወደ ከተማዋ እንዳይገቡ በግልጽ የሚሠራ ሰው ነበር። በእርሱ ዘመን ከተማው ሳውዝ ኤንድን አፍርሶ መሬቱን ለኢንዱስትሪ ለማድረግ አቀደ።

አሠራሩን ልብ በሉ። «ውጡ» ብሎ ያባረራቸው የለም። ቤት ማደሻ ፈቃድ ሲጠይቁ ይከለከላሉ። ቤት መሸጥ ሲፈልጉ የከተማው ፍተሻ ይቆማቸዋል። ቤቱ ያረጃል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ በመጨረሻም ገዢው ራሱ ከተማው ይሆናል። ገዝቶም ያፈርሳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በዚህ መንገድ ሄዱ፤ የቀሩት ጎረቤቶች በፍርስራሽና ባዶ መሬት ተከበቡ።

በ1971 ነዋሪው ተደራጅቶ ከተማውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ የሙስሊሞች ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ቤት ባለቤትና ነዋሪ ሁሉ ክስ ነበር። በ1973 ዳኛው ከተማው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰዎችን ንብረት ወስዷል ሲሉ ፈረዱ። ከተማው ይግባኝ ብሎ ክርክሩ እስከ 1980ዎቹ ተጓተተ። ሰፈሩ ግን ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያው በ1971 የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች በአንዲት የሱቅ ቤት ውስጥ «አክሰስ» የተባለውን የዓረብ ማኅበረሰብ ማዕከል ከፈቱ። ዛሬ በአሜሪካ ካሉት የዓረብ ማኅበረሰብ ተቋማት ትልቁ ነው።

ጭሱስ?

ጭሱ አልቆመም። ብረት ማቅለጫው ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ተላለፈ፤ አቧራው ግን በሰፈሩ መስኮቶች ላይ ማረፉን አልተወም። ልጆች የሚማሩበት የሳሊና ትምህርት ቤት የሚገኘው ከፋብሪካው ቅርብ ርቀት ላይ ነው። ነዋሪው አየሩ እንዲለካ፣ የተለካውም እንዲመዘገብ ለዓመታት ወተወተ። በ2015 የብረት ፋብሪካው አየር በመበከል ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት እንዲከፍልና ለትምህርት ቤቱ አየር ማጣሪያ እንዲያስገጥም ከመንግሥት ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። በ2022 ደግሞ ያቺው ሃባርድ የገዛት ከተማ አብዱላህ ሐሙድ የተባለ ሙስሊም ከንቲባ አገኘች፤ በዚያው ዓመትም የራሷን የጤና መምሪያ አቋቋመች። ችግሩ አበቃ አንልም። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ይከራከራል።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ ስንመለስ

ይህን ታሪክ ስናነብ ኪታብ ቤት የተማርነው ነገር ትዝ አለን። የቀደሙት የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ጎረቤት ሐቅ ሲጽፉ የዳቦ መጋገሪያንና የሐማምን ጭስ ሳይቀር አንስተው ተወያይተዋል። ሥራው ሐላል መሆኑ ጭሱ በጎረቤት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሐላል አያደርገውም። ደመወዝ የላብ ዋጋ ነው፤ የእናት ሳንባ ግን በደመወዙ ውስጥ አልተሸጠም። ሁለቱ የተለያየ ሒሳብ ናቸው።

የሳውዝ ኤንድ ሰዎች ፋብሪካው ይዘጋ አላሉም፤ ልጆቻቸው እዚያው ይሠሩ ነበርና። ያሉት «ሥራችንም ይኑር፣ ቤታችንም ይኑር፣ አየሩም ይጣራ» ነው። ይህንንም ያሉት ለየብቻ እያጉረመረሙ ሳይሆን ተሰብስበው፣ ሃይማኖት ሳይለዩ ከጎረቤት ጋር ሆነው፣ በወረቀትና በማስረጃ ነው። ታጋሽም ነበሩ፤ አንዱ ክስ ብቻ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሶብር ማለት ዝምታ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ያ ወንድማችን ጭሱ የከፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የእናቱንም የሐኪም ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ ይያዝ። ጎረቤቱንም ያማክር፤ ሌሊት የሚያስል ሰው በእነርሱ ቤት ብቻ እንደማይኖር እንገምታለን። ታላቅ ወንድሙም ከስብሰባው አይቅር፤ ፋብሪካውን ከውስጥ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ዛሬ በዲክስ ጎዳና አዛን በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ከማዶ የጭስ ማውጫዎቹ ቆመዋል። አላህ ለእናቶቻችን አፊያውን፣ ለወንድሞቻችን ሐላል ሪዝቁን ይስጥልን። ወሏሁ አዕለም።