ስውፒንግ፦ ከሰማይ ተወርውሮ ውኃን እየታከኩ የመብረር ውድድር

ጭልፊት ጫጩት ስታይ ክንፏን ሰብስባ ቁልቁል ትወረወራለች። መሬት ለመንካት ጥቂት ሲቀራት ክንፏን ዘርግታ ሣሩን እየታከከች ታልፋለች። በፓራሹት ከሚዘሉ ስፖርተኞች መካከል ጥቂቶቹ ይህንኑ የሚመስል ውድድር አላቸው። ዘላዮቹ ስውፒንግ ይሉታል፤ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርቶች ፌዴሬሽን ዘንድ ያለው ስያሜ ግን ካኖፒ ፓይለቲንግ ነው፤ የፓራሹትን ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ መንዳት እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2006 በኦስትሪያዋ ቪየና ተካሂዷል።

በአገራችን ፓራሹት ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአየር ወለድ ወታደር ነው። ወታደሩን የሚያወርደው ክብ ሸራ ዋና ተግባሩ አወራረዱን ማዘግየት ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው ነፋሱ ነው። የስፖርተኞቹ ፓራሹት ግን ከዚህ ይለያል። በ1960ዎቹ ዶሚና ጃልበርት የተባለ የፈጠራ ባለሙያ ሁለት የጨርቅ ንጣፎችን በመካከላቸው በተሰፉ ግድግዳዎች አያይዞ፣ የፊት ጠርዛቸውን ክፍት በመተው አየር እንዲሞላቸው አደረገ። አየር የሞላው ጨርቅ የክንፍ ቅርጽ ያዘ። ክንፍ የኾነ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይወርድም፤ ወደ ፊት ይበርራል፣ ይታጠፋል፣ ከነዱት ይፈጥናል። የስውፒንግ ጥበብም አደጋም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በመደበኛ ዝላይ ስፖርተኛው ከ4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣና አብዛኛውን ከፍታ ፓራሹቱ ሳይከፈት በመውደቅ ያልፋል። ስውፒንግ ግን ከ1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ዘልሎ ፓራሹትን ወዲያው በመክፈት ይጀምራል። ተወዳዳሪው ወደ ማረፊያው ሲቃረብ የፊት ማንጠልጠያ ቀበቶዎችን ስቦ ሸራውን እያዞረ ቁልቁል ይነዳዋል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዚያም ሸራው ራሱን ሲያቀና ያ ቁልቁል የተጠራቀመ ፍጥነት ወደ አግድም በረራ ይለወጣል፤ ስፖርተኛውም እግሩ ውኃውን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ ብሎ በኩሬው ላይ ይንሸራተታል።

ውድድሩ የሚጀምረው 10 ሜትር ስፋት ባለው በር ነው፤ የበሩ ምሰሶዎች ቁመት 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለፈ ነጥብ አያገኝም። በርቀት ውድድር ከበሩ በኋላ እግርን ሳያሳርፉ ብዙ የበረረ ያሸንፋል፤ ከ200 ሜትር በላይ የበረሩ አሉ። በፍጥነት ውድድር 70 ሜትር ርዝመት ያለውን ጠመዝማዛ መስመር በአጭር ጊዜ መጨረስ ይጠበቃል፤ ምርጦቹ 3 ሰከንድ አይፈጅባቸውም። በዒላማ ውድድር ደግሞ በበሮቹ መካከል ውኃውን በእግር እየነኩ አልፈው በየብስ ላይ በተሰመረው ጠባብ ክልል ማረፍ ግድ ነው። በአየር ላይ ልዩ ልዩ ትርዒት የሚታይበት ዘርፍም አለ።

በእጅ ስልክ የሚሠራጨው ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለፉት ዓመታት አይታዩም። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ዝላዮች ተካሂደው 10 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ቁጥሩ ከዝላዩ ብዛት አንጻር ዝቅተኛ ነው። ይኹን እንጂ በዚህ ስፖርት ባለፉት አሥርት ዓመታት ከደረሱት አደጋዎች ብዙዎቹ የደረሱት ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ አይደለም፤ በሚገባ ተከፍቶ፣ ምንም እንከን ሳይኖርበት፣ ዘላዩ ለመሬት ቀርቦ ሸራውን ሲያዞር ነው። ቁልቁል እየነዳ ያለ ሸራ ራሱን ለማቅናት ከፍታ ያስፈልገዋል። ያ ከፍታ ከሌለ መሬት ቀድማ ትገኛለች።

ስለዚህ ጀማሪ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ፈጣን ፓራሹት ሳይኾን ሰፊ ፓራሹት ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ የዘላዩን ክብደት ከነትጥቁ በፓውንድ ወስዶ፣ በሸራው ስፋት በካሬ ጫማ ማካፈል ነው። ከነትጥቁ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 200 ካሬ ጫማ ወይም 19 ካሬ ሜትር ገደማ የኾነ ሸራ ቢይዝ ውጤቱ 1 አካባቢ ይኾናል፤ ለጀማሪ ከዚህ እንዳይበልጥ ይመከራል። የዓለም ተወዳዳሪዎች ግን ያንኑ ክብደት 7 ካሬ ሜትር ገደማ በኾነ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ወለል በማይበልጥ ጨርቅ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ውጤታቸውም ከ2 በላይ ነው። አንዳንዶቹ ፍጥነት ለመጨመር በወገባቸው ላይ ተጨማሪ ክብደት ይታጠቃሉ። ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወረደው ደረጃ በደረጃ ነው። ኔዘርላንድስና ፈረንሳይን የመሳሰሉ አገራት ዘላዩ ባካሄደው የዝላይ ብዛት ልክ ሊይዝ የሚችለውን የሸራ ስፋት በደንብ ወስነዋል። ዘላዩን በራሱ ጉጉት ሳይኾን በልምዱ ስለሚመዝን ይህ አሠራር የተሻለ ይመስላል።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የዘላይነት ፈቃድ የሚሰጠው ቢያንስ 25 ጊዜ ለዘለለ ነው። ለሁለተኛው 50፣ ለሦስተኛው 200፣ ለመጨረሻው 500 ዝላይ ይጠየቃል። ከሁለተኛው ፈቃድ በፊት ስለ ሸራ አነዳድ ብቻ የሚሰጥ ልዩ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። ወደ ስውፒንግ ለመግባት የሚያስብ ሰው ግን በፈቃዱ አይተማመንም። የጉግስ ፈረሰኛ ፈረሱን በሜዳው ላይ ከማስጋለቡ በፊት ልጓሙንና ጠባዩን እንደሚያጠና ሁሉ፣ እርሱም የራሱን ሸራ ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። ልምምዱ የሚካሄደው ከመሬት በራቀ ከፍታ ላይ ነው። ዘላዩ ከፍታ መለኪያውን አይቶ ሸራውን ያዞራል፤ ሸራው ሲቀና እንደገና ያያል፤ ልዩነቱን ይመዘግባል። በዚህ ዙር ስንት ሜትር እንደወረደ ደጋግሞ ሳያውቅ ያንኑ ዙር በመሬት አቅራቢያ መሞከር ዓይንን ጨፍኖ ገደል እንደ መዝለል ነው።

ከዚያም ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሁለቱን የፊት ቀበቶዎች በመሳብ ፍጥነት ጨምሮ ማረፍን ይለማመዳል። ቀጥሎ ሩብ ዙር፣ ከብዙ ወራት በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ዙር ከሩብ እያለ ይቀጥላል። ዙሩ በበዛ ቁጥር ፍጥነቱም የሚፈለገው ከፍታም ይጨምራል። አሠልጣኝ ከመሬት ኾኖ እያንዳንዱን አራረፍ በካሜራ ይቀርጻል፤ ማታ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ትምህርት መተውን የሚመለከት ነው። ዘላዩ ዙሩን ሊጀምር ሲል ከታሰበው ከፍታ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዙሩን ይተዋል፤ ጀምሮትም ከኾነ አቋርጦ ሸራውን ያቀናል። ምናልባት ነፋሱ ከኋላው ኾኖ ያርፋል፣ ምናልባት በሣሩ ላይ ይንከባለላል፣ ምናልባትም ኩሬ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ይድናል። «ትንሽ ብቻ ቀረኝ» ብሎ ዙሩን ለመጨረስ የሞከረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ኩሬው ራሱ ለጌጥ የተቆፈረ አይደለም። በጥቂቱ የተሳሳተ ሰው ውኃው ላይ ተንሸራትቶ እንዲያመልጥ ያግዘዋል፤ በዚያ ፍጥነት ቁልቁል ለመጣ ሰው ግን ውኃም እንደ መሬት ይጠነክራል። ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ዘላዩ ራሱን ቢስት መጠባበቂያ ፓራሹቱን በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ ነው። መደበኛው መሣሪያ የስውፒንግን ፍጥነት እንደ መውደቅ ሊቆጥረውና በመሬት አቅራቢያ ሁለተኛ ሸራ ሊከፍት ይችላል። በመኾኑም ለዚህ ስፖርት የተስተካከለ ልዩ ዓይነት አለ። በማረፊያ ሜዳ ላይም ፈጣኖቹና ዘገምተኞቹ እንዳይጋጩ በቦታ ወይም በጊዜ ይለያያሉ።

ለደጋ አገር ሰው ይበልጥ የሚያስገርመው የከፍታ ነገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የባሕር ዳር አየር ያው ሸራ በባሕር ዳርቻ ከሚበርረው በአሥር በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ አየሩ ስስ ነውና። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ለማቅናትም ተጨማሪ ከፍታ ይጠይቃል። በቆላ የተለማመደ ዘላይ ቁጥሮቹን ሳያርም በደጋ ቢወዳደር ሒሳቡ ይዛባበታል። ረጃጅም የርቀት ውጤቶች ከፍ ባሉ ቦታዎች መመዝገባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዱባይ የዚህ ስፖርት ታላላቅ መድረኮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም የአየር ጨዋታዎችን አስተናግዳለች። በሴቶች ዘርፍ ስሟ የገነነው ኮርኔሊያ ሚሃይም በሮማኒያ ተወልዳ የምትወዳደረው ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው። ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዱ ዝላይ የአውሮፕላን ክፍያ አለ፤ አዲስ የውድድር ሸራ ብቻውን በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ በየአካባቢው የሚካሄዱ ውድድሮች ለጀማሪዎች የተለየ ምድብ አላቸው፤ አዲስ ገቢው በሰፊ ሸራውና በአጭር ዙሩ ከእኩዮቹ ጋር ይወዳደራል። አዘጋጆቹም ከመመዝገባቸው በፊት የዝላይ መዝገቡን ገልጠው ያያሉ።